ሳይጠሩት አቤት

እግር ኳስ አልችልም ነበር። ይህን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ በዚያ ዘመን ወረታ የነበረ ሰው ሁሉ ይመሰክርብኛል። ቁመቴ ረጅም ነው፣ እግሬም እንደዚያው፣ ግን ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ እግሬና እኔ አንስማማም። እኔ በቀኝ ስል እሱ በግራ ይላል፤ ተስማምተን ስናበቃ ኳሷ ሌላ ሰው ዘንድ ደርሳለች። ይህም ሆኖ በደርግ ጊዜ ወረታ ስማር የትምህርት ቤታችን ቡድን ልምምድ ባደረገ ቁጥር ሜዳው ላይ ነበርኩ። ዘንቦም፣ ታምሜም፣ ፈተና ደርሶም ቀርቼ አላውቅም።

ቡድኑ የተጠሩ ነበሩት፣ ያልተጠሩም ነበሩት። የተጠሩት የስፖርት መምህሩ አይቶ፣ መርጦ፣ «አንተ ከነገ ጀምሮ ና» ያላቸው ናቸው። ማሊያ የሚለብሱት እነሱ ናቸው። ያልተጠሩት ደግሞ እኛ ነን፤ ማንም ና ሳይለን የመጣን፣ ማንም ሂድ ስላላለን የቀረን። ከተጠሩት እጥፍ ሳንሆን አንቀርም። ከተማው «ሳይጠሩት አቤት» የሚል ስም አወጣልን። ቡድኑ በዋናው መንገድ ሲያልፍ ሻይ ቤት ደጃፍ የተቀመጡት ጎረምሶች ማሊያ ለለበሱት ያጨበጭቡና እኛ ከኋላ ስንደርስ በአንድ ድምፅ «አቤት!» ይላሉ። መጀመሪያ አካባቢ እናፍር ነበር። በኋላ ግን እኛም በአንድ ድምፅ «ወዴት!» ማለት ጀመርን፤ ነገሩ ተሟላ።

ሥራ አልፈታንም ነበር። ሜዳችን ከከተማው በታች ያለ የገበሬ ማኅበሩ የግጦሽ መሬት ነው። የፎገራን መሬት የማያውቅ ሰው ሜዳ ሲባል ሜዳ ይመስለዋል። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ዓሣ የሚዋኝበት ነው። በጋ ሲገባ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ይደርቅና እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። በሁለቱ መካከል ጭቃ ነው። ስለዚህ ኳስ ከመጫወት በፊት እንደ ወቅቱ ወይ ቦይ መቅደድ፣ ወይ ስንጥቅ በአፈር መድፈን፣ ወይ ከብቱን ማስወጣት አለ። ይህ ሁሉ የእኛ ነው። የፎገራ ኮርማ ደግሞ ሰው አይፈራም። አንዱ ጥቁርና ነጭ ቡሬ ኮርማ የበረኛውን ቦታ ወድዶት ነበር፤ ግቡ መካከል ተኝቶ ያመሰኳል። ከበረኛችንና ከኮርማው ማን ይሻላል የሚለው ክርክር ከተማው ውስጥ እስከ መጨረሻው ሳይዘጋ ቀርቷል።

ሜዳው ሲሰናዳ ለተጠሩት ተቃራኒ ሆነን እንጫወታለን። እንሸነፋለን። ኳሷ ረግረግ ስትገባ እንገባለን፣ ስንወጣ እንደገና እንሸነፋለን። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ የምናማርርበት ምክንያት አልነበረንም።

እኔን እዚያ ያቆመኝ ግን የኳስ ፍቅር አይደለም፤ አባቴ ናቸው።

አባቴ ከወረታ ወረድ ብሎ ሜዳው መካከል ባለች የገጠር ደብር ማኅሌት የሚያገለግሉ ደብተራ ነበሩ። በአዘቦት ያርሳሉ፣ በበዓል ይዘምራሉ። ሰው ሁሉ «መሪጌታ» ይላቸዋል። ማኅሌት በሁለት ወገን ነው የሚቆመው፤ ቀኙ ይላል፣ ግራው ይቀበላል። አባቴ ሁልጊዜ በግራው ሰልፍ መጨረሻ፣ በሩ አጠገብ፣ ነፋሱ የሚገባበት ላይ ይቆማሉ። ጸናጽል አይዙም። «መቋሚያዬ ይበቃኛል» ይላሉ። ይህን ሁሉ ትሕትና ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጫፍ መያዝም የክብር ቦታ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከሁሉ የሚጠሉት ነገር ሳይጠሩ መሄድ ነው። ጎረቤት ሠርግ ተደግሶ ጠሪው ረስቶ የእኛን ቤት ካለፈው፣ የወጡ ሽታ በአጥሩ እየመጣ፣ ከበሮው እየተመታ፣ እሳቸው ቤት ቁጭ ብለው ዳዊት ይደግማሉ። እናቴ «ኧረ ረስተው ነው! ኧረ ይሄ ምን የሚሉት ጠባይ ነው!» ብትል አይሰሟትም። «የረሳ ሲያስታውስ ይጠራል» ይላሉ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ያስታወሰም ነበር።

የስድስተኛ ክፍል ፈተና ባለፍኩበት ዓመት አባቴ ጠሩኝና፣ «የአስኳላው ይበቃሃል። ጣራ ገዳም ሄደህ ዜማ ትማራለህ፤ ለመምህሩ ነግሬያቸዋለሁ» አሉኝ። ዜማ አልጠላም። ግን በዚያው ሰሞን የሳይንስ መምህሩ ከርብ አንዲት ጠብታ ውሃ አምጥቶ በማይክሮስኮፕ አሳይቶን ነበር። እድሜ ልኬን የጠጣሁት ውሃ ውስጥ ያን ሁሉ የሚርመሰመስ ነፍስ ካየሁ በኋላ ልቤ ከዚያ ክፍል አልወጣም። ማታም ቀንም እሱን ነው የማስበው። ጣራ ገዳም ማይክሮስኮፕ እንደሌለ ደግሞ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

«አባባ፣ ትምህርት ቤቱ ለኳስ ቡድን ጠርቶኛል» አልኳቸው።

ነገሩ መሠረት ነበረው። በዚያው ሳምንት ሜዳው ዳር ቆሜ ሳለሁ ኳሷ ረግረግ ገብታ የስፖርት መምህሩ ወደ እኔ እያየ «አንተ ረጅሙ፣ ና!» ብሎ ነበር። ሄጄ አወጣኋት። ከዚያ በኋላ ሂድ አላለኝም።

አባቴ አሰቡበት። ኳስ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ጥሪ ግን ያውቃሉ። ዘመኑ ደግሞ የጥሪ ዘመን ነው፤ ለስብሰባ ጥሪ፣ ለልማት ጥሪ፣ ለእናት አገር ጥሪ። ከመንግሥት ቤት ጠሩኝ ከሚል ልጅ ጋር ክርክር አይገጠምም። «ጥሪ ከሆነ አይናቅም» አሉ። «ጥሪው እስካለ ተማር። አንፈልግህም ያሉህ ቀን ግን ጣራ ገዳም ነህ። አደራ፣ ሳይፈልጉህ እንዳትቆም።»

በዚህ ዓይነት ወረታ ቀረሁ። ቡድኑ ካስወጣኝ ትምህርቱም አብሮ ማለቁ ነው። ለዚህ ነው ታምሜም የማልቀረው።

የስፖርት መምህሩ ከጎንደር ከተማ የተመደበልን ወጣት ነበር። በዕድሜ ከእኛ ብዙ ስለማይበልጥ ከፊቱ «እርስዎ»፣ ከኋላው «እሱ» እንለዋለን። ቁጡ አይደለም። ችግሩ ሥርዓት ይወዳል፤ ኳስ በዐሥራ አንድ ሰው እንደሆነ ተምሮ ነው የመጣው። ሜዳው ላይ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ጥርስ እንዳመመው ሰው ጉንጩን ይይዛል። እስከ አንበሳሜው ጉዞ ድረስ ግን ችሎን ነበር።

አንበሳሜዎች ለወዳጅነት ጨዋታ ጋበዙን። የጭነት መኪና ተገኘ። መምህሩ ከሹፌሩ ጋር ከፊት ተቀመጠ፣ የተጠሩት ከኋላ ተጫኑ፣ እኛም ተጫንን። ሐሙሲት ላይ መኪናው ቆሞ መምህሩ ወርዶ ወደ ኋላ ሲመለከት እሱ እኛን አየ፣ እኛም እሱን አየን። ምን ይበል? ከሐሙሲት በእግር ሂዱ አይባልም። ጉንጩን ይዞ ተመልሶ ገባ።

አንበሳሜ ላይ ምሳ ተሰናድቶ ጠበቀን። ለአንድ ቡድን፣ ለመምህሩና ለሹፌሩ የሚበቃ፣ ደህና ምሳ ነው። እንግዳ ሆነው የመጡትን «አንተ ብላ፣ አንተ ተው» አይባልማ። አስተናጋጆቹ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ሁላችንንም አስቀመጡን። መጀመሪያ ወጡ አለቀ። ቀጥሎ እንጀራው አለቀ። ሴቶቹ ወደ ጎረቤት ሮጡ፣ ከጎረቤት ጎረቤት ሮጡ፤ የሹሮ ድስት በየቤቱ ተጣደ። እኛ አንገታችንን ደፍተን በላን። መቼም ረኃብ ይሉኝታ አያውቅም። ጨዋታው ዘገየ፣ የእነሱም ተጫዋቾች ሳይበሉ ገቡ፤ ሳይበሉም አሸነፉን።

ልንሄድ ስንል አንድ የአንበሳሜ ሽማግሌ መምህሩን ጨበጡትና በትሕትና፣ «ልጄ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ቡድን ነው የምትልኩ ወይስ ዘመቻ፣ አስቀድማችሁ ንገሩን» አሉት። መኪናው ላይ የተጠሩት በአንድ ጎን፣ እኛ በሌላ ጎን ተቀምጠን ነው የተመለስነው።

ከዚያ በኋላ ያልተጠሩት ይቀነሱ የሚለው ነገር መጣ። በሌላ ዘመን ቢሆን መምህሩ «ከነገ ጀምሮ አትምጡ» ይል ነበር፣ ያልቅ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ያለ ስብሰባ የሚቀነስ ነገር የለም። ስብሰባ ተጠራ። የተጠሩት መጡ፣ እኛ መጣን፣ ከወረዳው አንድ ካድሬ መጣ። ሜዳው የገበሬ ማኅበሩ ስለሆነ ሊቀመንበሩ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴ ነበሩ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በክፍሉ በር ጎንበስ ብለው ሲገቡ አየሁ። አባቴ እኔን ከተጠሩት አንዱ ነው ብለው ነው የሚያምኑት። እኔ ያልተጠሩት ወንበር ላይ፣ ከኋላ፣ ከአንድ ወፍራም ልጅ ጀርባ ተቀምጫለሁ። «ዛሬ አለቀልኝ» አልኩ። ለወፍራሙ ልጅ ነው ያልኩት። እሱ ስለ ራሱ የምናገር መስሎት «አይዞን» አለኝ።

መጀመሪያ አምበሉ ተናገረ። እግራችንን ይረግጡናል፣ ኳሷን ያበላሿታል፣ አንበሳሜ ላይ አዋርደውናል አለ። ሦስቱም እውነት ነው። ቀጥሎ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ተነሡና ስለ ሣሩ ተናገሩ። ዐሥራ አንድ ሰው የሚረግጠውና ያ ሁሉ መንጋ የሚረግጠው ሣር አንድ አይደለም፣ ላሞቻችን ምን ይብሉ አሉ። ካድሬው ሲነሣ ስለ ብዛትና ስለ ጥራት ተነተነ። ብዛት ወደ ጥራት እንደሚለወጥ አስረዳ፣ ጥራት የሌለው ብዛት ግን አደገኛ መሆኑን አስጠነቀቀ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለና አጨበጨብንለት። ሲቀመጥ የትኛውን ወገን እንደ ደገፈ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

መምህሩ በመጨረሻ ተነሣ። «ጥላቻ የለኝም» አለ። «ግን ቡድን ቡድን ነው። የተጠሩት ዐሥራ አንድ፣ ተቀያሪ ደግሞ ጥቂት፤ ሌላው በጊዜ ወደ ትምህርቱ ይመለስ።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረና ያን የፈራሁትን ነገር ተናገረ፦ «ያልተጠራችሁ እስቲ ተነሡ። ጉባኤው ይያችሁ።»

ወንበሩ ሁሉ ተንቋቋ። ተነሣን። ጉልበቴን አጥፌ ለመቆም ሞከርኩ፤ ወፍራሙ ልጅ ግን ወርዱ እንጂ ቁመቱ አልረዳኝም። አባቴ ሰልፉን ከአንዱ ጫፍ ጀምረው እያዩ መጡና እኔ ላይ ደረሱ። ዓይናቸው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዝቅ ብለው መቋሚያቸውን አዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማይክሮስኮፑን፣ የርብን ጠብታ፣ ሁሉንም በልቤ ተሰናበትኩ።

«አስተያየት ያለው?» አለ ካድሬው።

አባቴ ቀስ ብለው ተነሡ። ሊቀመንበሩ በደስታ «መሪጌታ፣ ይናገሩ፣ ይናገሩ» አሉ፤ የአባቴን ጠባይ ያውቃሉ። ሳይጠሩ የሚሄድን ሰው የሚጸየፉ ሰው ሌላ ምን ይላሉ? እኔም ሌላ አልጠበቅሁም። አንድ ቃል ሳይናገሩ ዝም ቢሉ እንኳ ያሰቡት ይሆንላቸዋል፤ ልጃቸው ይባረራል፣ ጣራ ገዳም ይገባል።

«እናንት ጎበዞች፣ እኔ ስለ ኳስ የማውቀው የለኝም» አሉ። «ልጄን እንደጠራችሁት ነበር የማውቀው። አሁን እዚያ ቆሞ አየሁት።» ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ልጄ ቢወጣ ደስ ይለኛል፤ የሚጠብቁት የዜማ መምህር አሉ። ይህን የምላችሁ ‹ስለ ልጁ ብሎ ነው› እንዳትሉኝ ነው።

እናንተ መሪጌታ ትሉኛላችሁ። መሪጌትነት የሾመኝ የለም። ዜማዬን ጨርሼ ወደዚህ አገር ስመጣ ና ያለኝም የለም፤ ዝም ብዬ መጥቼ ቆምኩ። ያን ጊዜ ደብሩ መሬት ነበረው። ድርሻ ያላቸው የተጠሩት ናቸው፤ ጸናጽሉም የእነሱ ነው። እኛ ድርሻ የሌለን የግራውን ጫፍ ይዘን እንቆም ነበር። ሰው አይደላችሁም አላሉንም። ሰው ናችሁም አላሉንም።

አንድ ዓመት አዝመራው ከፋ። አለቃችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና ደግ ሰው ነበሩ፣ የንግሡ ድግስ አይበቃም ብለው ሰጉ። ‹ዘንድሮ ጸናጽል የሌለው አይቁም› አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ድግሱ በእርግጥም አይበቃም ነበር። እኛ ወጣን። እኔ ከዋርካው ሥር ተቀመጥኩ። ማኅሌቱ ተጀመረና ቀኙ አለ። አሳምሮ አለ። ከዚያ ጭጭ። ግራው ላይ የቀሩት ሁለት ሽማግሎች ናቸው፣ አንደኛው ሳል አለበት። ቀኙ ጠበቀ፣ ጠበቀና ያለውን ራሱ ተቀበለ። ጎበዝ፣ ራሱ ብሎ ራሱ የሚቀበል ማኅሌት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሞቶበት ብቻውን የሚያወራ ነው የሚመስል።»

ሊቀመንበሩ ሣሩን ረሱት። «ታዲያ ምን ተደረገ?» አሉ።

«ምን ይደረጋል። አፌ አላስችል አለኝ። ከዋርካው ሥር ሆኜ ተቀበልኩ። አብረውኝ የወጡትም ተቀበሉ። ቀኙ ከውስጥ ሲል እኛ ከውጭ። አለቃው በሩ ድረስ መጥተው አዩን። ‹ግቡ› አላሉንም። ‹ዝም በሉ›ም አላሉንም። እየተቀበልን ገባን። ከዚያ ወዲህ እዚያው ነን። ይኸው መሬቱም ተወረሰ፣ አለቃውም ሞቱ፣ የእኔም ጠጉር ነጣ። እስከ ዛሬ ግን ‹ግቡ› ያለን የለም።»

አባቴ ወደ መምህሩ ዞሩ።

«መምህር፣ ኳሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እነዚህን ብታስወጧቸው እነዚያ ዐሥራ አንዱ ከማን ጋር ነው የሚጫወቱ?»

ብለው ተቀመጡ። መምህሩ ጉንጩን ያዘ። ወደ አምበሉ አየ፤ አምበሉ ወደ በረኛው አየ። ይህ ነገር ከዚያ በፊት ለአንዳቸውም እንዳልታሰባቸው ግልጽ ነበር። አጠገቤ ያለው ወፍራም ልጅ «ከኮርማው ጋር ነዋ» ብሎ ሹክ አለኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ያ ነፋሻ ቦታ፣ ያ ጸናጽል የሌለው እጅ፣ ትሕትና አልነበረም። ከእኔ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ነበሩ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ፣ እና አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም።

ካድሬው የተነገረው ሁሉ ቀድሞ ከገለጸው ትንተና ጋር የሚስማማ መሆኑን አረጋገጠ። ተወሰነ። ያልተጠሩት ይቆያሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁለተኛ ቡድን ይባላሉ። ወደ ሌላ ከተማ ሲኬድ ግን ስንቃቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። ስለ ሣሩ አምላክ ያውቃል ተባለ። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ያሉት ግን ስማችንን አልቀየሩትም።

አባቴን እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። ከኋላቸው ነው የሄድኩት፤ ጎን ለጎን መሄድ አልደፈርኩም። የመጨረሻዎቹን ቤቶች አለፍን። ከዚያ ሳይዞሩ፣ «ለመሆኑ የጠራህ ማን ነበር?» አሉ።

«መምህሩ ነው፣ አባባ። ኳሷ ረግረግ ገብታ ‹አንተ ረጅሙ፣ ና› አለኝ።»

ጥቂት ሄድን።

«አወጣሃት?»

«አወጣኋት።»

«ከዚያስ ሂድ አለህ?»

«አላለኝም።»

«እህ» አሉ። ስለ ጣራ ገዳም አልተነፈሱም፤ ልቀር ወይ ልሄድ አልነገሩኝም። የሳቸው «እህ» ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው፤ እናቴ እንኳ ለይታ አታውቀውም። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኩ አልጠየቅ። በሳይንስ ክፍል በገባሁ ቁጥር የመጨረሻዬ እየመሰለኝ ማይክሮስኮፑን በዓይኔ እሰናበተዋለሁ፤ በማግስቱ ተመልሼ ስሰናበተው እንደገና አፍራለሁ።

ከሐሙሲት ጋር የገጠምነው ኅዳር ላይ ነው፣ እኛው ሜዳ ላይ። ቦይ ቀደድን፣ ኮርማውን በልመና አስነሣን፣ ለእንግዶች ከትምህርት ቤቱ ወንበር አወጣን። ጨዋታው ሲጀመር እኛ ሁለተኛ ቡድን የምንባለው በረግረጉ በኩል መስመሩ ላይ ተሰለፍን። እኔ ለኳሷ ቅርብ እንድሆን ጫፉን ያዝኩ። ከጣና በኩል ነፋስ ይነፍሳል፤ እዚያ ጋ የሚከልል ነገር የለም። ሐሙሲቶች ገና ከመጀመሩ አገቡብን። የእነሱ ተማሪዎች ዘፈኑ። የእኛ ተማሪዎች ዳኛውን ሰደቡ።

አባቴን ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። በከብቱ መንገድ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጭቃውን እየመረጡ ይመጣሉ። መምህሩ አያቸውና ሮጦ ሄደ። «መሪጌታ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብሎ የክብር ወንበር ሳበላቸው። «ተወው፣ ልጄ» ብለው አለፉት። በተሰለፍነው ልጆች ፊት አንድ በአንድ አልፈው መጡና አጠገቤ ቆሙ። መቋሚያቸውን ጭቃው ላይ ተከሉ። ደነገጥኩ። አባቴ ሰው ሳይጠራቸው ከቤታቸው ሲወጡ አይቼ አላውቅም።

«አባባ፣ ማን ጠርቶዎት መጡ?» አልኩ።

«ማን ይጠራኛል» አሉ ሜዳውን እያዩ። ቀጥለውም፣ «ቀኙ የትኛው ነው?»

ማሊያ የለበሱትን አሳየኋቸው። ሁለቱም ቡድን ማሊያ መልበሱን አይተው ግራ ገባቸው፤ አልጠየቁም። ሌላ ነገር የሚያወሩ ያህል፣ «የጣራ ገዳሙን መምህር ዘንድሮ ተማሪ ሞልቷቸዋል አሉ» አሉኝ።

«ማን አለ?»

«እኔ።»

ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በዚያው ቅጽበት አምበላችን ኳሷን ሰማይ ላይ ለቀቃት፤ በራሳችን ላይ አልፋ ረግረጉ መካከል ጭልጥ ብላ ገባች። ከወዲያ ማዶ መምህሩ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «አንተ ረጅሙ!» ሲል ተሰማ።

«አቤት!» አልኩ።

አባቴ በመቋሚያቸው ጎኔን ነካ አደረጉኝ። «በል እንጂ፣ ሂድ! ይኸው በጆሮዬ ሰማሁ፤ ተጠራህ» አሉ። በዚያ ቀን ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ገባሁ። ውሃው እስከ ወገቤ ነበር። ኳሷን አውጥቼ ወረወርኩና እየተንጠባጠብኩ ተመለስኩ። ጥርሴ በብርድ ይፋጫል። አባቴ እኔ የነበርኩበት ቦታ፣ ጫፉ ላይ፣ ነፋሱ የሚነፍስበት ላይ ቆመዋል። እኔ ከእሳቸው አልፌ መጨረሻ ላይ ልቆም ስል እርጥብ እጅጌዬን ያዙኝ። በእሳቸውና በልጆቹ መካከል ክፍት ቦታ ትተውልኝ ነበር።

«ጫፉን ተወው፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉና ወደ ውስጥ ሳቡኝ። «ግባ።»

ገባሁ።